«አርፈሽ ተቀመጪ» የምንላቸው እናቶች

እናቴ 68 ዓመት ሲሞላት እኛ ልጆቿ ተሰብስበን ከእንግዲህ እንጀራ እንዳትጋግር፣ ገበያ እንዳትወጣ፣ ቡናውንም ሠራተኛዋ እንድታፈላ ወሰንን። ለስላሳ ሶፋ ገዛንላት፣ የዘመናት በርጩማዋን ዕቃ ቤት ከተትነው፣ «እማዬ፣ አንቺ አሁን አርፈሽ ተቀመጪ» አልናት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከዚያው ሶፋ ለመነሣት የሰው እጅ የምትጠብቅ ሆነች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ሐኪሙም መርምሮ ያገኘው የጭኗን ጡንቻ መሳሳት ብቻ ነበር። ሕፃን ሲያስቸግረን የምንገሥጸው «አርፈህ ተቀመጥ» እያልን መሆኑን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው፤ ለልጅ ቅጣት የሆነውን ቃል ለአዛውንት ስንናገረው ክብር ይመስለናል።

ስለ አረጋውያን ጤና ሲነሣ ምክሩ ሁሉ ጨውና ቅባት ቀንሱ፣ ጠዋት ጠዋት «ወክ» አድርጉ በሚለው ያበቃል። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ጎደሎ ነው እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ከዚህም ጋር ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር፣ ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ የሰውነትን ሚዛን የሚያሠለጥን እንቅስቃሴ እንዲጨምሩበት ያሳስባል። እኛ የሰማነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በእርግጥ ጎሕ ሳይቀድ መስቀል አደባባይ የሚወጡትን፣ «መንገድ ለሰው» በሚባለው ቀን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አስፋልቱን የሚሞሉትን አዛውንት ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በሜዳ ላይ አንድ ሰዓት የሚራመድ ሰው ከዝቅተኛ መቀመጫ ለመነሣት ሲያቅተው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ እግር ደረጃ ሲወጣና ሰውነትን ከታች ወደ ላይ ሲያነሣ የሚፈለግበት ኃይል ለእርምጃ ከሚያስፈልገው ይበልጣልና።

ምናልባት ጥፋቱ የጀመረው ስፖርት ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ሩጫ ብቻ ስለሆነ ይሆናል። ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፣ ከአራት ዓመት በኋላም በሙኒክ የነሐስ ሜዳሊያ ወስዷል፤ ቀነኒሳ በቀለም እ.ኤ.አ. በ2024 የለንደን ማራቶን ሁለተኛ የወጣው በ41 ዓመቱ ነው። ይህ ያኮራል፤ ሆኖም የሰባ ዓመት ሰው ማራቶኑ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ያለ ሰው ድጋፍ መነሣት ነው።

ጡንቻ ከጎልማሳነት ጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ከስድሳ ዓመት ወዲያ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ያረጀ ሰው ጥቂት ቀን አልጋ ላይ ከዋለ ደግሞ ወጣት ከሚያጣው በላይ ያጣል። ይህን «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ማለፍ ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ የቦስተን ጥናት ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ 10 ደካማ አረጋውያንን ለ8 ሳምንታት በክብደት የእግር ጡንቻቸውን አሠልጥኖ ነበር። ሥልጠናውን የጨረሱት የእግር ጉልበታቸው በአማካይ በ174 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በዘጠና ዓመትም ጡንቻ ለሥራ ምላሽ እንደሚሰጥ ግን አሳይቷል።

ለዚህ ጂም መግባት ግድ አይደለም። የእናቴ ፊዚዮቴራፒስት መጀመሪያ ያደረገችው ቀጥ ያለ ወንበር አስመጥታ፣ እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምትነሣና እንደምትቀመጥ መቁጠር ነበር። ከ70 እስከ 74 ዓመት ለሆነች ሴት ከ10 በታች፣ ለወንድ ከ12 በታች ከሆነ የመውደቅ አደጋው ከፍ ያለ ነው ይባላል፤ እናቴ 4 ላይ ቆመች። ልምምዱም ያው ፈተናው ነው፦ መነሣትና መቀመጥ፣ የዕቃ ማጠቢያውን ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ ተረከዝ ማንሣት፣ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ በሁለት እጅ ይዞ ክንድን ማጠፍ። የልብ ሕመም ያለበት ወይም በቅርቡ የወደቀ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። የድሮ ሰው በስግደቱም በሶላቱም፣ በምድጃውም ዙሪያ ቀኑን ሙሉ ከመሬት ሲነሣና ሲቀመጥ ነበር የሚውለው፤ አምልኮን ስፖርት ነው ማለቴ ሳይሆን፣ ሶፋው የወሰደብንን ለማሳየት ነው። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አዛውንት ደግሞ ጭናቸው የደከመ ዕለት ከቤታቸው መውጣት ያቆማሉ።

ጡንቻ ያለ ምግብ አይሠራም፤ የአዛውንቶቻችን ገበታ የሚጎድለውም እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ማታ በቀጭን ሽሮ የተነከረ ግማሽ እንጀራ የሚበላ ሰው ሆዱ ቢሞላም በቂ ፕሮቲን አላገኘም። በርካታ ባለሙያዎች ጤነኛ አረጋዊ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል ይላሉ፤ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ልኩን ከሐኪም ይጠይቃል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ይህ ከ60 እስከ 72 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ደግሞ 18 ግራም ገደማ ይሰጣል። የጡረታ አበል ሥጋና እንቁላል እንደማይገዛ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ወፈር ያለ ሽሮ፣ ክክና ምስር በቀን ሁለቴ ቢቀርብ፣ እንጀራው ቢቀንስና ወጡ ቢበዛ እመርጣለሁ።

በዓመት ከ180 ቀን በላይ ለሚጾም ክርስቲያን ጥራጥሬው ባለውለታ ነው፤ ሆኖም ለነርቭ ጤና የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ12 በዕፅዋት ምግብ ውስጥ አይገኝም፣ በዕድሜም ሰውነት እሱን የመቀበል ችሎታው ይደክማል፣ ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ሜትፎርሚንም ይቀንሰዋል። እግሩ የሚደነዝዘው አዛውንት «ብርድ ነው» ከማለቱ በፊት የቢ12 መጠኑን ቢመረመር ይበጀዋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው የጾሙን ሰዓት ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት፤ ክርስትናውም እስልምናውም ለሕመምተኛ በር አልዘጋም። ጨውን በተመለከተ ልኩ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማያልፍ ነው፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው እንደገባባቸው ረስተን ድስቱ ላይ እንደገና እንጨምራለን።

እናቴ አሁን 71 ዓመቷ ነው። በርጩማዋን ከዕቃ ቤት አወጣንላት፣ ቡናውንም ራሷ ታፈላለች፤ ሠራተኛዋ ከሰሉ ላይ ብቻ ታግዛታለች። ባለፈው እሑድ ስንቆጥርላት 9 ጊዜ ተነሣች። አሥረኛውን ሶፋውን ስትሸጡልኝ እነሣዋለሁ ብላናለች።