የቧንቧችን አመል

የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን መጥቶ እኛ ቤት ሲያርፍ፣ እማዬ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ እጁን ይዛ መታጠቢያ ቤት አስገባችው። ሃያ ሁለት ዓመት ያላየችው ልጅ ነው። ገና አልቅሳ አልጠገበችም። ግን እኛ ቤት የመጣ እንግዳ፣ ማንም ይሁን ማን፣ መጀመሪያ ገለጻ ይሰጠዋል። ገለጻ ሳይወስድ ብቻውን ሽንት ቤት የገባ አንድ ሰው ነበር። ለእህቴ ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ሰው ነው። ጋብቻው በሁለት ወር ተራዘመ።

«ቀይዋን አትንካት፣ ለጌጥ ናት» አለችው። «ሰማያዊዋን ወደ ግራ ሁለት ጊዜ አዙርና ስትንተፋተፍ ትንሽ መልሳት። ካልመለስካት ትጮኻለች። እሷ ስትጮኽ የኋላ ቤቶቹ ይቀሰቀሳሉ። ሽንት ቤቱን ስትለቅ እጀታውን ጫን አድርገህ እስከ ሦስት ቁጠር፣ ከዚያ ክዳኑን አንሳና ውስጥ ያለችውን ኳስ በጣትህ ቀና አድርጋት፤ አለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ስታንሾካሹክ ታድራለች። ላቫንዲኖው ላይ ደግሞ እንዳትደገፍ።»

«ብደገፍስ?»

«አብሮህ ይመጣል።»

ቤቱ አያቴ በጃንሆይ ጊዜ ጉለሌ ላይ ያሠሩት የጭቃ ቤት ነው። ሲሠራ ቧንቧ አልነበረውም። መታጠቢያ ቤቱ በኋላ የመጣ ቅጥያ ነው፣ ኩሽናው የቅጥያው ቅጥያ ነው፣ ቧንቧውም እንደዚያው አንዱ ዘመን በሌላው ላይ እየተቀጠለ እዚህ ደርሷል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ጓሮ ያሉት ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ትርፍ ተብለው ተወረሱና የቀበሌ ቤት ሆኑ። ቤቱ ተወረሰ። ቧንቧውን ግን ማንም አልወረሰውም። አንድ ቆጣሪ፣ አንድ መስመር፣ አራት አባወራ ሆነን ቀረን። መስመሩ ከበር ተነስቶ በእኛ ሳሎን ስር ያልፍና የኋላ ቤቷ እትዬ አልጋ ራስጌ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቁት አያቴ ብቻ ነበሩ፣ እሳቸው ደግሞ ካረፉ ቆዩ። ሲፈነዳ «የግል ነው» ይሉናል፣ እኛም «የቀበሌ ነው» እንላለን። ሂሳቡ ሲመጣ ግን በእኛ ስም ነው።

ስለ ሂሳቡ ክፍፍል ባላነሳ ይሻላል። በነፍስ ወከፍ እንዳንል የመካከለኛው ቤት ሰዎች በዓል ሲሆን አሥራ አንድ ናቸው፣ ብር ሊሰበሰብ ሲል ሦስት። ያም ሆኖ ጠባችን ሁሉ ስለ ውኃ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ውኃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣ ደግሞ ባዶው ቧንቧ ውስጥ የተኛውን አየር ከፊቱ እየገፋ ነው። ቧንቧው ያስነጥሳል፣ ያስላል፣ ግድግዳውን በቡጢ ይመታል። ቆጣሪው አየሩ ውኃ መስሎት ይሽከረከራል። እና በየወሩ የተወሰነ ብር ለትንፋሽ እንከፍላለን።

ቧንቧው የድሮ የብረት ቧንቧ ነው፣ ዚንክ የተለበጠው። ዚንኩ እያለቀ ሲሄድ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል። ክፋቱ ይሄ ነው፤ ከውጭ ስታየው ደረቱን የነፋ ጎልማሳ ነው፣ ውስጡ ግን አልቋል። ይህ ዓይነቱ ቧንቧ 40 ወይም 50 ዓመት ካገለገለ ጡረታ ይገባዋል ይባላል። የእኛው ጡረታውን ሳይጠይቅ እየሠራ ነው። ግማሽ ኢንች የነበረው ቀዳዳ አሁን እስክሪብቶ አያስገባም። ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ሻይ ይመስላል፣ እንግዳ ካለ አናሳየውም። ሮቶውም አላዳነንም። ውኃ አንድ ባር ግፊት እንዲኖረው ወደ 10 ሜትር ከፍታ ይፈልጋል፣ የእኛ ሮቶ የተሰቀለው 3 ሜትር ላይ ነው። ባጭሩ፣ እማዬ ግፊት አለባት፣ ቧንቧው የለበትም።

ታዲያ ለምን አታስጠግኑትም አትበሉኝ። አሮጌ ቤት ውስጥ ቧንቧ አይጠገንም፣ አመሉ ይለመዳል። ቤተሰብ ውስጥ አንድ የሚጠጣ አጎት ካለ ማን ያስታምመዋል? ማንም። ብቻ ሁሉም ሰው የመሬቱን ክስ በእሱ ፊት እንዳያነሳ ያውቃል። የእኛም ቧንቧ እንደዚያ ነው። የኩሽናው ይንጠባጠባል፣ በሴኮንድ አንድ ጠብታ፣ በቀን 86,400 መሆኑ ነው። ሥራ ፈትቼ በነበረ ጊዜ ነው ያሰላሁት። እማዬ ስር ባልዲ አስቀምጣለታለች፣ በባልዲው ውኃ ወለል ታጥባለች፣ እና ከጊዜ በኋላ እንደ ገቢ ታየው ጀመር። ላስቲኩን ልቀይረው ብዬ አንድ ቀን ካቻቢቴ ይዤ ስቀርብ «ተወው፣ እሱ ማንን አስቸገረ?» ብላ አባረረችኝ።

የኩሽናውን ፍሳሽ ደግሞ የደፈነው ቡና ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ይፈላል፣ ጀበናው ሲለቀለቅ አተላው ወዴት ይሄዳል? ሲፎኑ ውስጥ። እዚያ የወጥ ቅባት ይጠብቀዋል። አተላና ቅባት ተገናኝተው የሚሠሩትን ነገር ብታዩ የሲሚንቶ ውድነት አያሳስባችሁም ነበር። ሲፎን ማለት ያ ጎበጥ ያለው ቧንቧ ነው፣ ጎብጦ የተሠራው ውኃ ቋጥሮ የፍሳሽ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ ነው። ውኃ ለሳምንታት ሲጠፋ እሱም ይደርቅና ሽታው እየሳቀ ይገባል። እኛ ለዓመታት የጎረቤት ሽታ እየመሰለን ስናማቸው ኖረናል። እነሱም እኛን ሲያሙ እንደኖሩ በኋላ ሰማን።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። በመጣ በሦስተኛው ቀን ማታ ውኃ አልነበረም፣ ሮቶውም ባዶ ነበር። ልጁ ሊታጠብ ገብቶ ሰማያዊዋን ከፈተ፣ ዝም። ወደ ግራ ሁለት ጊዜ አዞረ፣ ዝም። ቀይዋንም ሞከራት። ነገሩ ሁሉ ዝም ሲለው በእርጥብ ወረቀት ተጠራርጎ ተኛ። የከፈተውን ግን አልዘጋም። ዋሽንግተን ውስጥ ውኃ የማይወጣበትን ቧንቧ መዝጋት የሚባል ትምህርት የለም። እማዬም ገለጻዋ ውስጥ አላካተተችውም፤ ይሄ ለእኛ እኮ እንደ መተንፈስ ነው፣ ማን ያስተምረዋል?

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውኃ መጣ። ሁሌም በዚያ ሰዓት ነው የሚመጣው፣ ሌባ እንኳ ደክሞት በሚተኛበት። እኔ የነቃሁት ነጠላ ጫማዬ እየቀዘፈች መጥታ የአልጋዬን እግር ስታንኳኳ ነው። ሳሎኑ ኩሬ ሆኗል። እማዬ ቀሚሷን ሰብስባ መሃል ላይ ቆማለች። ፊቷን አየሁት፤ አልደነገጠችም። ፊቷ በርቷል።

«ውኃ መጥቷል!» ብላ ጮኸች። «ጀሪካኖቹን!»

እውነቴን ነው፣ ምንጣፉ እየተንሳፈፈ መጀመሪያ ጀሪካን ሞላን። ከዚያ በርሜሉን። ከዚያ ድስቶቹን። ልጁ በካልሲው ውኃ ውስጥ ቆሞ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚለው ጠፍቶት ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ልርዳ ብሎ ሮጠና ቀይዋን ሊዘጋ ያዛት። ቀይዋ እጁ ላይ ቀረች። ለጌጥ ናት ተብሎ ነበር። ከግድግዳው የወጣው ውኃ፣ ያ ግፊት የለውም ብዬ የሰደብኩት ውኃ፣ ጣሪያ መታ።

ዋናውን መዝጋት ነው ያለብን። ዋናው መዝጊያ፣ ሳራቺኔስካው፣ የት ነው? የኋላ ቤቷ እትዬ ጋ፣ ከቁም ሳጥናቸው ጀርባ። በር አንኳኳን። በዚያ ሰዓት በር ሲንኳኳ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው።

«ማን ሞተ?» አሉ ከውስጥ፣ ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ ይሰማል።

«ማንም አልሞተም እትዬ፣ ቧንቧው ነው!»

«እሱ መች ይሞታል» አሉና ከፈቱ።

ቁም ሳጥኑን ለአራት ገፋነው። ሳራቺኔስካውን አዞርኩት። ዞረልኝ፣ ደስ አለኝ፤ ደግሞ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ማቆሚያ የለውም። ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ ውስጡ ተበልቶ እጀታው ብቻውን ይሽከረከራል። በመጨረሻ ውኃውን ያቆመው ከመንገድ ዳር ቆጣሪው ጋ ያለችውን መዝጊያ የመካከለኛው ቤት ልጅ በፒንሳ ጠምዝዞ ነው። በማግስቱ እናቱ በሂሳብ ክፍፍሉ ይህ ውለታ እንዲታሰብላቸው ጠየቁ።

ጠዋት ቧንቧ ሠራተኛው ጋ ደወልኩ። «መንገድ ላይ ነኝ» አለ። 5 ሰዓት ላይ ስደውል «አስፋልቱ ጋ ነኝ» አለ። 8 ሰዓት ላይ «በር ላይ ነኝ» ሲል በር ላይ ቆሜ ነበር የማናግረው። 9 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ጂራቱቦውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ የተሰበረውን ቦታ አይቶ፣ ልክ አስከሬን እንዳየ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄን ማነው የሠራው?»

«አንተ» አለች እማዬ። «በጥር።»

ዓይኑን አላርገበገበም። «እኮ! ያኔ ለጊዜው ነው ብዬዎት አልነበር እማማ?»

ብሎ ነበር። ከዚያ የሚገዛ ዕቃ ዘረዘረ። «ሁለት ጎሚቶ፣ አንድ ማኒኮቶ፣ ሦስት ኒፕል፣ አንድ ሳራቺኔስካ።» የአክስቴ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ምሳ እያዘዘ ነው?» አለኝ። ጣሊያን በ1933 ከአዲስ አበባ ወጣ እንላለን እንጂ ከቧንቧችን ውስጥ ገና አልወጣም። ዕቃው ደግሞ ከአዲስ ሱቅ የሚገኝ አልሆነም፣ ጥርሱ ከድሮው ቧንቧ ጋር አይገጥምም። ምናለሽ ተራ ድረስ ተሂዶ ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ ተለቅሞ መጣ። እዚያ የማይገኝ ነገር እንደሌለ ታውቃላችሁ፤ ምናልባት አያቴ የጣሉት ራሱ ተመልሶ መጥቶ ይሆናል።

ግድግዳው ሲፈረስ ሁላችንም ወንበር ይዘን ተቀመጥን። ውስጡ የቤታችን ታሪክ ነው። ከታች የአያቴ ብረት፣ በላዩ ላይ በሽቦ የታሰረ የብስክሌት ጎማ ቁራጭ፣ ቀጥሎ በሲሚንቶ የተለሰነ ጨርቅ፣ ጨርቁ የእማዬ የድሮ ቀሚስ ነው፣ አውቃ ፈገግ አለች። ከዚያ ደግሞ እስከ 260 ዲግሪ በሚሞቅ ማሽን እየቀለጠ የሚጣበቀው ዘመናዊ ፕላስቲክ፣ ከዛገው ብረት ጋር በግድ የተዳረ። ሁሉም በጊዜው «ለጊዜው ነው» ተብሎ የተሠራ ነው። ከቤታችን ዕቃ ሁሉ ዕድሜ ያለው ይሄ ለጊዜው የሚባለው ነው።

ቡና ተፈላ። ልጁ ሠራተኛውን እያየ «እኛ ጋ ቧንቧ ሠራተኛ የሚከፈለው በሰዓት ነው» አለ።

«በሰዓት?» አለች እማዬ። «ታዲያ ምን ያስቸኩለዋል?»

ሠራተኛው ሥራውን አቁሞ ይህንን ሐሳብ ለረጅም ጊዜ አሰላሰለው። ባትሰማው ይሻል ነበር።

ልጁ ደግሞ ቡናው ሲሞቀው የራሱን ጉድ አወጣ። እሱ የሚኖርበትም ቤት አሮጌ ነው ለካ። በዋሽንግተን የቆዩ ሰፈሮች ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባው ቧንቧ እርሳስ የሆነባቸው ብዙ ቤቶች አሉ፣ ከተማው አሁንም እየቆፈረ ይቀይራል። የእሱ ተራ ስላልደረሰ በማጣሪያ ነው የሚጠጣው። ምድር ቤቱ ውስጥ ያለችውን መዝጊያ ሲዘጋም በካልቾ አንድ ጊዜ መምታት አለበት። ይህን ሲናገር እማዬ ሃያ ሁለት ዓመት የጠፋውን ልጅ አሁን ገና ያገኘችው መሰለች።

ሠራተኛው መስመሩ በሙሉ መቀየር እንዳለበት ነገረን። እውነቱን ነው። ግን ለዚያ ሳሎኑ መቆፈር አለበት፣ እትዬ አልጋቸውን ማንሳት አለባቸው፣ የቀበሌ ቤት ስለሚነካ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ መካከለኛው ቤት ስንት ሰው እንዳለም መታወቅ አለበት። ተያየን። እና ሁለት ሜትር ብቻ ተቀየረ። ለጊዜው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሠራተኛው ተገፋፍቶ የኩሽናዋንም ላስቲክ ቀየራት፣ በነፃ ነው አለ፣ በሂሳቡ ላይ ግን ትመስለኛለች። ማታ ኩሽና ስገባ ቤቱ ጭር ብሏል። ጠብታው የለም። እማዬ ከቧንቧው ፊት ቆማ ታዳምጣለች። ከፈተቻት፣ ቀጥ ብላ ወረደች። ዘጋቻት፣ ቀጥ አለች። ደግማ ከፍታ ዘጋቻት። ደስ ያላት አትመስልም። ባዶውን ባልዲ ላነሳ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ተወው» አለች። «አመሏን እስክናውቅ ይቀመጥ።»