ቻይናዊውን ሳያዩ የሳሉት

እንግሊዛዊው ካርቱኒስት ጄምስ ጊልሬይ፣ የአገሩ አምባሳደር ሎርድ ማካርትኒ ቻይና ቤተ መንግሥት ሲቀርብ የሚያሳይ ሥዕል ለገበያ ያወጣው በሴፕቴምበር 1792 እ.ኤ.አ. ነው። የአምባሳደሩ መርከብ ግን ገና ከእንግሊዝ አልተነሣም ነበር፤ ማካርትኒ ንጉሠ ነገሥቱን ያገኘው በዓመቱ ነው። ትራስ ተደግፎ ረጅም ፒፓ የሚያጨሰው ያ ወፍራም ንጉሥ ለንደን ውስጥ የተፈበረከ ነው።

ስለዚህ የዚህ ዓይነት ሥዕሎች «ምዕራባውያን ቻይናውያንን እንዴት ያዩ ነበር» በሚል ርዕስ ሲቀርቡ አይዋጥልኝም። ማየት የሚባል ነገር መቼ ኖረና! መጠየቅ ያለበት ማን አሳተመው፣ በየትኛው ወር፣ ምን ለመሸጥ የሚለው ነው።

«ዘ ዋስፕ» የተባለውን የሳን ፍራንሲስኮ ሳምንታዊ መጽሔት እንመልከት። ኖቬምበር 11 ቀን 1881 የወጣው የጆርጅ ፍሬድሪክ ኬለር ሥዕል የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ላይ የቆመ ሐውልት ያሳያል። የነጻነት ሐውልት ኒውዮርክ ላይ ሊመረቅ ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል። በኬለር ሥዕል በእሷ ቦታ የቆመው ቡትቶ የለበሰ ቻይናዊ ነው፤ እግሩን የራስ ቅል ላይ አሳርፎ የኦፒየም ማጨሻ ይዟል። ከራሱ ዙሪያ በሚፈነጥቀው ብርሃን ላይ ቆሻሻ፣ ብልግና፣ በሽታ፣ የነጭ ሠራተኛ ጥፋት የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል። ማርች 3 ቀን 1882 ያው ሰዓሊ ብዙ እጅ ያለው ቻይናዊ አወጣ፤ ሰውየው የከተማውን ሥራ ሁሉ ብቻውን ሲሠራ ነጮቹ ወጣቶች ሥራ ፈትተው ቆመዋል። በሜይ 6 ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር የቻይና ሠራተኞችን የሚያግደውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ የተሻረው በ1943 ነው፤ ያኔም የተፈቀደው ኮታ በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር።

ከኋላ የሚንጠለጠለው ጉንጉን ጸጉር ደግሞ የሥዕሎቹ ሁሉ መታወቂያ ነው፤ አንዳንዱ ሰዓሊ እንዲያውም የአይጥ ጅራት ያስመስለዋል። ከሰሜን ምሥራቅ መጥተው ቤጂንግን የያዙት ማንቹ የተባሉ ሕዝቦች በ1645 ቻይናውያን ወንዶች ግንባራቸውን ተላጭተው የኋላውን እንዲጎነጉኑ አዘዙ፤ እምቢ ያለ ይገደል ነበር። ጉንጉኑን የቆረጠ ስደተኛ አገሩ ሲመለስ እንደ ከሃዲ ይቆጠር ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ይህን እያወቀች በ1876 የእስረኛ ጸጉር እስከ አንድ ኢንች እንዲቆረጥ ደነገገች፤ በ1879 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። ይህን ሁሉ ከሥዕሉ አታገኙትም።

ንግዱም ከዚህ አልራቀም። «ራፍ ኦን ራትስ» የተባለው የጀርሲ ሲቲ የአይጥ መርዝ የማስታወቂያ ካርድ አይጥ ወደ አፉ የሚያስገባ ቻይናዊ ይዞ «መሄድ አለባቸው» ይላል። የካሊፎርኒያ ፀረ ቻይና ሰልፈኞች መፈክርም «ቻይናውያን መሄድ አለባቸው» ነበር። ነጋዴው አይጡንና ሰውየውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቀለላቸው።

ዛሬ ሥዕሎቹን በኢንተርኔት የሚያጋሩ ሰዎች ትልቁ ጥፋት መቁረጥ ነው። አሜሪካዊው ካርቱኒስት ቶማስ ናስት በፌብሩዋሪ 1871 «ሃርፐርስ ዊክሊ» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣው ሥዕል በስድብ ጽሑፎች የተለጠፈ ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ቻይናዊ ያሳያል። የአሜሪካ ምሳሌ የሆነችው ኮሎምቢያ ከአጠገቡ ቆማ፣ መሣሪያ ይዘው ከሚመጡት ሰዎች ትከላከልለታለች። እሷንና ሰዎቹን ቆርጣችሁ ግድግዳውን ብቻ ካስቀራችሁ ስድቡ የናስት ቃል ይመስላል።