ማስተካከያ፦ በሐዲድ ማቋረጫ ላይ ቅድሚያ የባቡሩ ነው
በአያትና በቃሊቲ በኩል በሚመላለሱ ሾፌሮች ዘንድ የተሰራጨ መልእክት፣ የከተማው ባቡር በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ እንደ መኪና ቶሎ ይቆማል፣ በማቋረጫ ላይም ቀድሞ የደረሰ ያልፋል ይላል። ሁለቱም ስህተት ነው። በትራፊክ ደንብ ቅድሚያ የባቡሩ ነው። ፍሬኑን በተመለከተ የባቡር ምህንድስና መማሪያዎች የሚያስረዱት ሌላ ነው፤ የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ያለው ሰበቃ የመኪና ጎማ በአስፋልት ላይ ካለው በእጅጉ ያንሳል፤ ስለዚህ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል፣ ሐዲዱ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል። ጠምዝዞ ማምለጥማ ጭራሽ አይታሰብም። መልእክቱን ያመነ፣ በተለይ ተሳቢ የሚጎትት (በቃሊቲ መቼም አይጠፋም)፣ ጭራው ሐዲድ ላይ ሊቀር ይችላል። ከማዶ ለመኪናዎ ሙሉ ቦታ ካላዩ ከሐዲዱ በፊት ይቁሙ። ሐዲዱ ጥንድ ስለሆነ አንዱ ባቡር ሲያልፍም ሌላኛውን አቅጣጫ ይመልከቱ።