ሥራ ፍለጋው የሚጀምረው ከመድኃኒት ማደያው መስኮት ነው

አዲስ ተመራቂ ፋርማሲስቶች ሲቀጠሩ ጠያቂ ሆኜ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሁሌም የማልተዋት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። «አታችመንት ላይ፣ ማለትም ሆስፒታል ልምምድ ላይ እያለሽ ማዘዣ አይተሽ ‹ይሄ ልክ አይደለም› ያልሽበት ቀን አለ? እስቲ ንገሪን።»

አብዛኛው ተወዳዳሪ እዚህ ላይ ይደነግጣል። ውጤቱ ጥሩ ነው። ስለ መድኃኒት ባሕርይ ብትጠይቁት ያንበለብለዋል። ራሱ ስለሠራው ሥራ ሲጠየቅ ግን የሚናገረው ያጣል። ወራት ሙሉ ሆስፒታል ገብቶ ወጥቷል፤ ይዞ የመጣው የተፈረመበት ሎግ ቡክ፣ የልምምድ መመዝገቢያ ደብተር ብቻ ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። ያ ልጅ ሥራ መፈለግ የነበረበት ያኔ፣ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ነበር።

አንዷን ተወዳዳሪ ግን አልረሳትም። እንዲህ ብላ ነገረችን። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት ሜቶትሬክሴት ታዞላቸው መስኮቷ ጋ መጡ። ማዘዣው «በየቀኑ» ይላል። ሜቶትሬክሴት ለዚህ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ ከተወሰደ የደም ሴሎች የሚመረቱበትን መቅኔ ይጎዳል፤ ሰው የሞተበት ስህተት ነው። ልጅቷ ያኔ ተማሪ ናት፣ በራሷ ማረም አትችልም። ማዘዣውን ይዛ ወደ ተቆጣጣሪዋ ፋርማሲስት ሄደች። ሐኪሙ ጋ ተደወለ፣ ማዘዣው ተስተካከለ። እሷ ግን በዚህ አላበቃችም። እናትየውን አስቀምጣ «ከሳምንቱ የትኛው ቀን ይመችዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሰኞ አሉ። ፓኬቱ ላይ በትልቁ «ሰኞ ብቻ» ብላ ጻፈች። ከዚያ መልሳ «እንዴት ነው የሚወስዱት?» አለቻቸው፤ በራሳቸው አፍ እስኪነግሯት ድረስ አልለቀቀቻቸውም።

ከጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የጠየቅናት ለወጉ ያህል ነው።

የመጨረሻው ዓመት ልምምድ ራሱ ሥራ ፍለጋ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። «መጀመሪያ ልመረቅ፣ ሥራው ከዚያ ይደርሳል» የሚሉ ተማሪዎች ያሳስቡኛል። ተመርቀው፣ ትንሽ አርፈው፣ ማስታወቂያ ማየት ሲጀምሩ ያዩት ሁሉ ከአእምሯቸው ጠፍቷል። አብረዋቸው የሠሩት ፋርማሲስቶችም መልካቸውን ረስተዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንድ ትንሽ ደብተር ያዙ። ማታ ማታ ሦስት መስመር ጻፉበት። ምን መጣ? እኔ ምን አስተዋልኩ? መጨረሻው ምን ሆነ? የታካሚ ስምና የካርድ ቁጥር እንዳትጽፉ። ምስጢር ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ የታካሚ ስም እየጠራ የሚያወራ ተመራቂ ሲገጥመኝ፣ ነገ የእኛንም ታካሚዎች እንዲሁ ያወራል ብዬ እሰጋለሁ።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። ከሁለት ወር በኋላ መልሳችሁ አንብቡት። ረዘም አድርጋችሁ የጻፋችሁት የትኛውን ቀን ነው? አንዳንዱ ከሐኪሞች ጋር ዋርድ የዞረበትን ጠዋት ገጽ ሙሉ ጽፎ ታገኙታላችሁ። ሌላው ስቶር ገብቶ፣ የአገልግሎት ጊዜው ቶሎ የሚያልፍበት መድኃኒት ከኋላ ተደርድሮ አዲሱ ከፊት ሲወጣ አይቶ ተናዷል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ያለበት ያልተከፈተ ኢንሱሊን ጠረጴዛ ላይ መዋሉ እንቅልፍ የነሳው ልጅም አለ። የመጀመሪያው ለክሊኒካል ፋርማሲ፣ ከሐኪሞች ጋር ሆኖ የታካሚን መድኃኒት ለመከታተል የተመቸ ነው። ሁለቱ ደግሞ የመድኃኒት አቅርቦት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ላያውቁት ይችላሉ። የት ልሥራ የሚለውን ከጓደኛ ወሬ ከመስማት የራስን ጽሑፍ ማንበብ ይሻላል።

ተማሪው ብዙውን ጊዜ የሚታየው ሁለት በር ነው፤ ሆስፒታልና የችርቻሮ ፋርማሲ። ሁለቱም የከበረ ሥራ ነው። ግን ፋብሪካ ውስጥ ጥራት የሚቆጣጠር፣ መድኃኒት እንዲመዘገብ ሰነድ የሚያዘጋጅና የሚመረምር፣ ክምችትና ስርጭት የሚያቅድ፣ የመድኃኒት ጉዳት የሚከታተል ፋርማሲስትም አለ። የመጨረሻው ሥራ እንዴት እንደመጣ ማወቅ ጥሩ ነው። ታሊዶማይድ የሚባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ ጭምር ይሰጥ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው በወጉ ሳያድግ ተወለዱ። በ1961 ከገበያ መውጣት ጀመረ። ከዚያ ድንጋጤ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት በ1968 አገሮች የመድኃኒት ጉዳት ሪፖርት የሚለዋወጡበትን ፕሮግራም ጀመረ፤ ከ1978 ወዲህ የሪፖርቱ ማዕከል ስዊድን፣ ኡፕሳላ ነው። ዋርድ ውስጥ አንድ የአለርጂ ሪፖርት በትክክል የሞላ ተማሪ የዚህን ሥራ የመጀመሪያ እርምጃ ተራምዷል። ግን ስንቱ ሲቪው ላይ ይጽፈዋል?

ሲቪን ካነሳሁ አይቀር፣ «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ ጫናን የሚቋቋም» የሚለውን መስመር እባካችሁ አውጡት። ሁሉም ይጽፈዋል፣ ማንም አያነበውም። በምትኩ «በሕፃናት ክፍል ስምንት ሳምንት ቆይቻለሁ፤ በየጠዋቱ የአንቲባዮቲክ መጠን በክብደት አስልቼ ከማዘዣው ጋር አመሳክሬያለሁ» በሉ። እውነት ከሆነ ብቻ፤ ምክንያቱም እንጠይቃችኋለን።

ጥያቄውም ከዚያው ይመጣል። ለምሳሌ 12 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል ታዟላታል። መጠኑ በኪሎ 15 ሚሊግራም ነው። ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም የያዘ ነው። ስንት ሚሊሊትር ትሰጣላችሁ? 12 በ15 ሲባዛ 180 ሚሊግራም፣ ይህም 7.5 ሚሊሊትር ነው። ሂሳቡን ብዙዎች ይሠሩታል። እኔ የምጠብቀው ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። እናቷ በምን ትለካዋለች? የቤት ማንኪያ አንዱ ካንዱ ይለያያል። መርፌ የሌለው መለኪያ ሲሪንጅ ወይም ምልክት ያለው ስኒ ሰጥቶ፣ 7.5 የቱ ጋ እንደሆነ በጣቱ የሚያሳይ ተመራቂ ወዲያው ይለያል። ይህ ደግሞ መስኮቱ ጋ ቆሞ እንጂ አንብቦ ብቻ አይገኝም።

የጊዜው ነገርም መታቀድ አለበት። ዲግሪና የሙያ ፈቃድ ለየቅል ናቸው። በአብዛኛው አገር መዝጋቢው አካል ሰነድ ይመረምራል፤ ፈተና ያለበትም ብዙ ነው። ስለዚህ ሥራ ልትጀምሩ የምትፈልጉበትን ቀን ወረቀት ላይ ጻፉና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ፈቃዱ መቼ እጄ ይግባ? ለዚያ ፈተናው መቼ? ለፈተናው ማመልከቻ መቼ? ትራንስክሪፕቱስ ከሬጅስትራር ለመውጣት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ቆጥራችሁ ስትጨርሱ የመጀመሪያው ሥራ ከምርቃቱ ወራት ቀድሞ ይመጣል። ሌላ አገር ልሥራ ለሚል ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። አሜሪካን ብንወስድ፣ ውጭ የተማረ ፋርማሲስት መጀመሪያ የአቻነት ፈተናና የእንግሊዝኛ ፈተና ያልፋል፤ ናፕሌክስ የሚባለው የፈቃድ ፈተና የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ያሰበ ሰው እስከዚያው የሚሠራበትንም አብሮ ያስብ።

የምስክር ነገር አጭር ነው። ከአንድ ክፍል ልትወጡ ስትሉ፣ የመጨረሻው ቀን ሳይደርስ፣ ተቆጣጣሪያችሁን «ሥራ ሳመለክት ስምዎን ልጥቀስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምን ላስተካክል ብላችሁም ጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ያስፈራል። የሚጠይቅ ተማሪ ግን አይረሳም።

እዚህ ላይ መምህራንና የልምምድ ተቆጣጣሪዎችም ድርሻችን ሊነገረን ይገባል። ተማሪን ጥግ አቁመን፣ ካርቶን አስቆጥረን፣ ሲመሽ ፈርመንለት እንሸኘዋለን። ሥራ ስለበዛብን ነው እንላለን፤ እውነትም በዝቶብናል። ግን በቀን አንድ ማዘዣ አብሮ ለማየት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ትምህርት ቤቶችም ፊርማ መቁጠር ትተው ተማሪው ያስተዋለውን ነገር ይጠይቁ። ያለበለዚያ የምንመርቀው መድኃኒት የሚያውቅ፣ ታካሚ ግን ያላየ ሰው ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያስጨንቀኛል። ሥራ አጥቶ የከረመ ተመራቂ ጋ አንዳንድ ባለቤት ይመጣና «ፈቃድህን ግድግዳ ላይ እንስቀለው፣ አንተ ባትመጣም ግድ የለም፣ በየወሩ እንከፍልሃለን» ይለዋል። እባካችሁ እሺ አትበሉ። ከመስኮቱ ጀርባ ያልተማረ ሰው ቆሞ ያን «በየቀኑ» የሚል ሜቶትሬክሴት እንደተጻፈ ያድለዋል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስም የእናንተ ነው። እንዲህ ያለው ባለቤት ሐሳቡን ቀጥታ ላይናገርም ይችላል። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «ጥያቄ አለህ?» ስትባሉ «የለኝም» ብላችሁ አትነሡ። እኔ በሌለሁበት ሰዓት ማን ነው የሚያድለው? የተጠራጠርኩትን ማዘዣ ብመልስ ማን ከጎኔ ይቆማል? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ደግሞ የሚናገረውን ሰው ፊት እያያችሁ አድምጡት።