ሙፋሳን ተዉትና ፈቃዴን ፈርሙልኝ

ዛሬ ሆዴ ሞልቷልና ልተንፍስ።

አለቃችን ቢሾፍቱ ሦስት ቀን ስልጠና ሄዶ ነበር፤ ከነአበሉ። ሲመለስ ሁላችንንም አዳራሽ ሰበሰበን። ፕሮጀክተሩ እንደ ልማዱ አልሠራ ብሎ ሃያ ደቂቃ ገመድ ሲነቀል ሲሰካ ቆየ። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ምን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? አንበሳ! ሙፋሳ፣ ያ «ላየን ኪንግ» የሚባለው የካርቱን ፊልም ላይ ያለው የሲምባ አባት። «ከሙፋሳ የምንማራቸው 7 የአመራር ጥበቦች»።

ልጆቼ ስንቴ ከፍተውት ፊልሙን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሙፋሳ እኮ የሞተው ልጁን ለማዳን መንጋ መሀል ገብቶ ነው። ከገደል የጣለው ወንድሙ ስካር ነው። (ስካር ስንቱን ጥሏል!) የእኛው አለቃ ባለፈው ኦዲተር ሲመጣ ምን አለ? «እኔ የፈረምኩት ሠራተኛው አምጥቶልኝ ነው።» ይቺን ጥበብ ከሰባቱ ውስጥ ፈልጌ አጣኋት። አንድ ነገር ግን ያመሳስላቸዋል። ሙፋሳ ከሞተ በኋላ ልጁን የሚያናግረው ደመና ላይ ሆኖ ነው። የእኛም ሰውዬ ቢሮ አይገኝም፤ ማታ አራት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ግሩፕ ድምፁ ብቻ ይመጣል።

ከልብ ወለድ መማሩን አልጠላሁም። ግን ለምንድን ነው አለቃ ሁሉ ራሱን አንበሳ አድርጎ የሚጀምረው? አንድ ቀን እንኳ «ከፊታውራሪ መሸሻ የምንማረው» የሚል ስልጠና አይኖርም? ሐዲስ ዓለማየሁ እኮ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጽፈው አስቀምጠውልናል። ማንበብ ለከበደውም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮለታል። ፊታውራሪ ከባላገሩ ከግብሩ ሌላ ተጨማሪ ይጠይቃሉ። ባላገሩ «ለምን?» ይላል። ቁጭ ብሎ መነጋገር ሲቻል በገዛ ገባራቸው ላይ ዘመቱ። ተማረኩ! አጠገባቸው እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገር ዘመድ ነበራቸው፣ ካሳ ዳምጤ። እሱን ደግሞ «ጉዱ ካሳ» ብለው እንደ እብድ ቆጠሩት። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ስልጠና አለ? አበልም አይጠይቅ።

እኛ ቢሮ ተጨማሪው ግብር ስሙ «ቲም ስፒሪት» ነው። ቅዳሜ ግቡ፤ ቲም ስፒሪት። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለም፤ ቲም ስፒሪት። ፕሪንተሩ ቀለም ከጨረሰ ሁለት ወሩ። የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ከታች ፎቶ ኮፒ ቤት በኪሳችን ነው የምናሳትመው። እሱም ቲም ስፒሪት ነው።

የዓመት ፈቃድን ደግሞ አታንሱብኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው አንድ ዓመት አገልግሎት እንኳ 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። እኔ የጠየቅኩት አምስት ቀን ነው፤ ደሴ ለእህቴ ሠርግ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ ሦስት ሳምንቱ። ዛሬ ጠጋ ብዬ አየሁት። የማኪያቶ ብርጭቆ ተቀምጦበት፣ ልክ ፊርማው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ቡናማ ክብ ሠርቷል። ከሩቅ ማኅተም ይመስላል። ለአንድ አፍታማ ጸደቀልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስብሰባው ሊያልቅ ሲል የቤት ሥራ ተሰጠን። እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ መርጠን፣ ስለ አመራር የተማርነውን በአንድ ገጽ ጽፈን እስከ ዓርብ እናስገባለን። ብዕሬን አነሳሁና «ፊታውራሪ መሸሻ» ብዬ ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት የፋይናንሷ እትዬ አጮልቀው አዩና በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጉዱ ካሳ ሆነህ ልትቀር ነው? የእህትህ ሠርግ መቼ ነው ያልከኝ?»

የዛሬ ሳምንት ነው።

ሰረዝኩት። «ሙፋሳ» ብዬ ጻፍኩ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ።