ፍሬኑ እምቢ አላለም

ወገኖቼ፣ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ስትሉ ዳግመኛ መስማት አልፈልግም። ያንን ቃል አንድ ሰው ዜብራ ላይ ከወደቀች ልጅ አጠገብ ቆሞ ሲናገረው ሰምቻለሁ። እኔም በመኪናው ውስጥ ነበርኩ።

ከሾፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ። ቀኑ ብራ፣ አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍጥነታችን 60 ነው። ጭኑ ላይ ያለው ስልክ በራ፤ አቀርቅሮ አየው። ሲያይ አየሁት። ከፊታችን የነበረው መኪና ለልጅቷ ቆመላት፤ የፍሬን ቀይ መብራቱን ከሾፌሩ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። አፌን ስከፍት ቀና አለ፤ ደንግጦ መሪውን ጠመዘዘ፤ በቆመው መኪና ጎን ተወርውረን አለፍን። ልጅቷ ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች።

ሰው ተሰበሰበ። ሾፌሩ ራሱን ይዞ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል። «የብረት ነገር ምን ይደረጋል» ብለው ያጽናኑትም ነበሩ! እኔ መንገዱን አየሁ። መኪናው አሮጌ ስለነበረ ጎማው ተቆልፎ ሁለት ጥቁር ጭረት ጥሏል። ጭረቱ የሚጀምረው ዜብራውን ካለፈ በኋላ ነው። ከዜብራው በፊት ያለው አስፋልት ንጹሕ ነው። ፍሬኑ በተረገጠ ጊዜ ታዟል፤ የረገጠው እግር ነው የዘገየው።

በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። የነቃ ሰው እንኳ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ፣ አንድ ሰከንድ ተኩል ያልፍበታል። ከዚያ በኋላ መኪናው ለመቆም በደረቅ አስፋልት ሌላ 20 ሜትር ግድም ይፈልጋል፤ በዝናብ ደግሞ እጅግ ይረዝማል። ስልክ ላይ ያለፉት ሁለት ሰከንዶች 33 ሜትር ናቸው። ያን ሁሉ መንገድ መኪናውን የሚነዳው ሰው አልነበረም።

እናንተ ከፊተኛው መኪና ጭራ ላይ የምትጣበቁ፣ በየትኛው ሰከንድ ልትቆሙ ነው? የፊተኛው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ፤ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ እናንተም ምሰሶው ዘንድ ከደረሳችሁ ቀርባችኋል። ዝናብ ሲሆን አራት ቁጠሩ። ክፍተት ብንተው ሌላው ይገባበታል ትላላችሁ። ይግባ! ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን፣ ያለው መኪና የምትነዱም፣ ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ሲንቀጠቀጥ ደንግጣችሁ አትልቀቁ፤ አጥብቃችሁ ርገጡ፣ መሪው ይታዘዛችኋል።

ግን ማንን ነው የምገስጸው? ስልኩን አይቻለሁ። «ተው» ማለት አፍሬ ነው ዝም ያልኩት፤ በሰው መኪና ተቀምጦ ሾፌር ማረም ነውር መስሎኝ። በዚያ ይሉኝታ ልጅ ሞተች። ፖሊስ ሲጠይቀኝ ስለ ስልኩ ተናግሬአለሁ፤ ያ እውነት ግን ለእሷ አልደረሰላትም። እባካችሁ፣ አጠገብ የምትቀመጡ ሁሉ፣ ከእኔ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ባለፈው ሳምንት ከሌላ ሾፌር ጋር ስሄድ ስልኩ ጮኸ። እጁን ሲሰድ «ለእኔ ስጠኝ» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ ግን ሰጠኝ። እስክንደርስ ድረስ አልተነጋገርንም።