«ጨጓራ ነው» ከመባሉ በፊት

የክርክሩ ሐሳብ፦ የላይኛው ሆዱን አሞት ድንገተኛ ክፍል የገባ አዋቂ ሁሉ «ጨጓራ ነው» ከመባሉ በፊት ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት በመስመር የሚያሳይ ምርመራ) ይነሳ። ሁለቱም ተከራካሪዎች ባሕር ዳር ይሠራሉ፤ ደጋፊዋ ነርስ፣ ተቃዋሚው የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ናቸው።

ነርሷ፦
አባቴ ከዘጌ መጣ። ከእምብርቱ በላይ ያቃጥለዋል፣ ላብ አጥምቆታል፣ አንዴ አስመልሶታል። ስኳር አለበት። የታየበት ቦታ «ጨጓራ ነው» ብለው የጨጓራ መድኃኒት ኦሜፕራዞል ጽፈው ሸኙት። በማግስቱ ሌላ ቦታ ኢሲጂ ሲነሳ ሃርት አታክ (የልብ ደም ሥር መዘጋት) ሆኖ ተገኘ። ተርፏል፤ አሁን ግን ትንሽ ዳገት ያደክመዋል። ስኳር ያለበትና ዕድሜው የገፋ ሰው ሃርት አታክ ሲይዘው ደረቱን ላያመው ይችላል፣ «ሆዴን» ነው የሚለው። ደረቱን ያመመው ሰው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ይነሳል ይባላል። ሆዱን ያመመውስ ለምን ይቀራል?

ሐኪሙ፦
ሲስተር፣ አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ግን በአንድ ሰው ሕመም ሕግ አይወጣም። ሌሊቱን ያውቁታል፤ አንዱ ከባጃጅ ወድቆ ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፣ አንዱ ወባ ራሱን አስቶት ይንቀጠቀጣል፣ ማሽኑ ደግሞ አንድ ነው። ሆዱን ያቃጠለው ሁሉ ከተሰለፈ ደረቱን ያመመው ይጠብቃል። ትንሽ መስመር ጣመመ ብለንም ጤነኛውን አስደንግጠን እናሳድራለን፣ ወጪውም የእሱ ነው። ሆዱን ካቃጠለው ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ጨጓራ ነው።

ነርሷ፦
ዘጠና ዘጠኙን ማን ቆጠራቸው? መድኃኒት ጽፈው የሸኙትን ሰው በማግስቱ ደውለው ጠይቀው ያውቃሉ? የዳነው አይመለስም፣ የሞተውም አይመለስም። እርስዎ ሁሉንም ዳነ ብለው ቆጠሩት። አባቴም ሌላ ቦታ ባይሄድ ኖሮ ያየው ሐኪም ዛሬም ከዘጠና ዘጠኙ አንዱ ነው ይል ነበር።

ሐኪሙ፦
ቁጥሩን ለአባባል ነው ያነሳሁት። እርስዎ ግን ሰው ገድዬ እንደምተኛ አድርገው ጻፉት፤ ሳልቀመጥ ለማድር ሰው ይህ ከባድ ነው። ደግሞ ኢሲጂ አያድንም። የመጀመሪያው ደህና መስሎ ሃርት አታክ ሊሆን ይችላል፤ መድገም አለ፣ ትሮፖኒን (ልብ መጎዳቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ማየት አለ። ከማህፀን ውጭ ያለ እርግዝና ፈንድቶ ሆዷ ውስጥ እየደማች የመጣችውንስ ኢሲጂ ያሳየናል? እሷን የሚያተርፋት የወር አበባዋ መቼ እንደነበር መጠየቅና የሽንት ምርመራ ነው። መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ ማሽን።

ነርሷ፦
ማን ቆጠረ ላልኩት መልስ አልሰጡም። ጥያቄ ይቅደም ካሉ እሺ፣ ላብ ያጠመቀውና ስኳር ያለበት ወዲያው ይነሳ። አባቴ ሁለቱም ነበረበት፣ የጠየቀው ሰው ግን የለም። የሚሸኘውስ ምን ተብሎ ነው የሚሸኘው? «ሕመሙ ወደ ክንድህ ከሄደ፣ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ሌሊትም ቢሆን ተመለስ» ብሎ የነገረው የለም። እስኪነጋ ቤቱ ተኝቶ ጠበቀ።

ሐኪሙ፦
መጀመሪያ «ሁሉም» ብለው ነበር፤ አሁን ላብና ስኳር ያለበት ሆነ። በዚህ አልጣላም። ግን እሱን በር ላይ የሚለየው ትሪያጅ (ሕመምተኛ እንደ አጣዳፊነቱ የሚለይበት ቦታ) ላይ ያለ ነርስ ነው። እኔ ጋ የሚደርሰው ካርዱ ቢጫ፣ ማለትም ትንሽ መጠበቅ ይችላል፣ ተብሎ ነው።

ነርሷ፦
እሺ፣ በሩን እኔ እይዛለሁ። ቀይ፣ ማለትም ወዲያው ይታይ፣ ብዬ የላክሁልዎትን ሰው ግን ሳያዩት ወደ ቢጫ አይመልሱብኝ።